የከተማና ክልላዊ ፕላን የድኅረ ምረቃ ትምህርት

የከተማና ክልላዊ ፕላን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከተሞችና በዙሪያቸው ያለው ገጠር በመሬት አጠቃቀም፣ በመኖሪያ፣ በመንገድና በውኃ አቅርቦት ተሳስረው የሚያድጉበትን ሥርዓት የሚያጠና የሙያ ዘርፍ ነው። በኢትዮጵያ ትምህርቱ ከሚሰጥባቸው ተቋማት አንዱ በ1954 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ወራሽ ሲሆን፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲም በከተማ ዘርፍ ባለሙያዎችን ያስተምራል። ሠልጣኞች ካርታ ሥራን፣ የመሬት ሕግንና የመስክ ጥናትን ይማራሉ። አዋጅ ቁጥር 574/2000 የከተማ ፕላንን በመዋቅራዊ ፕላንና በአካባቢ ልማት ፕላን ይከፍላል።

የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የዘርፉን ፋይዳ ያሳያሉ። ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) በጨርጨር ተራሮች መካከል በሐረር መንገድ ላይ ትገኛለች፤ የግንባታ ቦታን የሚወስኑት ተዳፋትና የጎርፍ መውረጃ ናቸው። ሂርና በዚሁ መንገድ ላይ ስትሆን፣ በቆላው ያለችው ሚኤሶ ከባቡር መስመር ጋር የተያያዘች ናት። ስለዚህ የአንዷ ፕላን ከሌላዋ ተነጥሎ አይነደፍም።