የመተንፈሻ መሣሪያን ማንሣት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ራሱን የሳተ፣ የመዳን ተስፋውም የተሟጠጠ ሕሙም የመተንፈሻ መሣሪያው ቢነሣ እንደ ግድያ ይቆጠራልን? የሮሙ ፖፕ ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1957 ለማደንዘዣ ሐኪሞች በሰጡት ምላሽ አይቆጠርም ብለዋል። ሰው ሕይወቱን በተለመደው ሕክምና የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ በራሱ ወይም በሌላው ላይ ከባድ ሸክም በሚያመጣው ግን አይገደድም። የተለመደው የትኛው ነው ሲባል መሣሪያው ብቻ ሳይሆን የሕሙሙ ሁኔታ፣ ቦታውና ዘመኑም ይታያሉ። መሣሪያው ተነሥቶ የደም ዝውውር ቢቆም እንኳ ማንሣቱ ለሞቱ ቀጥተኛ ምክንያት አይባልም። «ይነሣ» ማለት «ግደሉት» ማለት ለሚመስለው ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐኪሙም ከሕሙሙ ፈቃድ የተለየ የራሱ ሥልጣን የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የቫቲካን መግለጫ ይህንኑ አጽንቶ፣ ሥቃይን ለማስቀረት በሚል ሞትን ለማምጣት ታስቦ የሚደረገውን አወገዘ። በምግብና በውኃ ላይ ግን ትምህርቱ ይጠብቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በተሰጠው ምላሽ መሠረት በቱቦ የሚሰጥ ቢሆንም በመርሕ ደረጃ የተለመደ እንክብካቤ ነው፤ ሕሙሙ ራሱን ስቶ ቢቆይም፣ ሰውነቱ እስከተቀበለው ድረስ አይቋረጥበትም።