መድረክ መርገጫ ዜማ

ባለፈው ዓመት በአንድ የመጻሕፍት ዝግጅት ላይ ንግግር እንዳደርግ ተጋብዤ ነበር። ሁለት ቀን ሲቀረው አስተባባሪዋ ደወለችና «ጋሼ፣ የሚወጡበትን ሙዚቃ እስከ ነገ ይላኩልኝ» አለችኝ። «ወደ መድረኩ ነው ወይስ ከመድረኩ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ሲወጡ ነዋ!» አለች። ይህም አልለየልኝም። በአማርኛ ሰው መድረክ ላይም ይወጣል፣ ከአዳራሽም ይወጣል። እሷ የፈለገችው ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ማይክሮፎኑ ጋ እስክደርስ የሚሰማውን ነበር።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ዎክ-ኦን ሙዚቃ» ይሉታል፤ የአሜሪካ ቤዝቦል ሰዎች ደግሞ «ዎክ-አፕ ሶንግ»። ተናጋሪ፣ ቦክሰኛ ወይም ተጫዋች ሕዝብ ፊት ሲቀርብ አብሮት የሚሰማ፣ የእኔ ነው ብሎ የመረጠው ቁራጭ ሙዚቃ ነው። ለቤዝቦል መቺ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይሰጠዋል። እነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ግን ስለ ሰውየው አንድ ነገር ይናገራሉ።

ምርጫው መጀመሪያ ላይ የተጫዋቹ አልነበረም። ናንሲ ፋውስት እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 2010 ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ቡድን ኦርጋን ስትጫወት፣ ከተጫዋቹ ስም ወይም ከትውልድ ግዛቱ ጋር የሚገናኝ ዜማ እየፈለገች ታሰማለት ነበር። ዛሬ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይመርጣሉ። ከሁሉም የገነነው ታሪክ ግን ያልመረጠው ሰው ታሪክ ነው። ፓናማዊው ማሪያኖ ሪቬራ የኒውዮርክ ያንኪስን ጨዋታ በመጨረሻው ሰዓት ገብቶ የሚዘጋ ወርዋሪ ነበር። ከ1999 ጀምሮ ከሜዳው ጥግ ብቅ ባለ ቁጥር የሜታሊካ «ኢንተር ሳንድማን» ይለቀቅ ነበር። ዘፈኑን የመረጡለት የስታዲየሙ ሠራተኞች ናቸው፤ እሱ መንፈሳዊ ዝማሬ የሚወድ አማኝ ነው። ሆኖም ጊታሩ ገና ሲጀምር ተመልካቹ ብድግ ይል፣ ተጋጣሚውም ነገሩ እንዳበቃ ያውቅ ነበር። በ2013 ሲሰናበት ሜታሊካዎች ራሳቸው ስታዲየሙ ድረስ መጥተው ተጫወቱለት።

ድንቅ ታሪክ ነው፤ ለእኔ ግን ይህ ነጋሪት ነው። በአገራችን ድሮ መኳንንት ሲንቀሳቀሱ ነጋሪት ይጎሰም፣ እምቢልታና መለከት ይነፋ ነበር። ድምፁ የሹመቱ እንጂ የሰውየው አልነበረም፤ ሹመቱ ለሌላ ሲሰጥ ነጋሪቱም ለሌላ ይጎሰም ነበር። የመንግሥት ዐዋጅ የሚታተምበት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለውም ነጋሪት የሥልጣን ድምፅ ስለሆነ ነው። ሰው ራሱ ለሚመርጠው ሙዚቃ ይልቅ የሚቀርበው ፉከራ ነው፤ ፎካሪ ማንነቱን በራሱ አንደበት ያሰማል። ልዩነቱ ፎካሪው ሥራውን ሲቆጥር፣ ዜማ ይዞ የሚመጣው ሰው ምንም አለመናገሩ ነው።

እንግዲህ ስሙን ምን እንበለው? «የመውጫ ሙዚቃ» እንዳየነው ሁለት ጊዜ ያስጠይቃል። «መግቢያ» በሙዚቀኞች ዘንድ የዘፈኑ የራሱ አጀማመር ነው፤ በር ላይም የሚከፈል ነው። «ማጀቢያ»ን እወደው ነበር፤ ሙሽራን የሚያጅቡትን ያስታውሰኛል፤ ግን ፊልም ቀድሞ ወስዶታል። «መቀበያ» ደግሞ ነገሩን ለተመልካቹ ይሰጥና ባለቤቱን ያስረሳል።

እኔ የምመርጠው «መድረክ መርገጫ ዜማ» የሚለውን ነው። ተዋናይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተውን መድረክ ረገጠ እንላለን፤ ሩቅ አገር የደረሰ ሰውም የዚያን አገር አፈር ረገጠ ይባላል። በቃሉ ውስጥ እግር አለ፣ ሰውየው አለ፣ የመጀመሪያው እርምጃ አለ። መብትም ይረገጣል የሚል ይኖራል፤ «መድረክ» ከፊቱ እስካለ ድረስ ግን ማንም አይሳሳትም። ሲለመድ «መርገጫው» ብቻ ማለትም ይቻላል፦ «መርገጫህ ምንድን ነው?» «ዘፈን» ያላልኩት ቃል የሌለውንም ስለሚመለከት ነው። ዋሽንትም ይሁን ክራር፣ መዝሙርም ይሁን እንጉርጉሮ፣ «ዜማ» ሁሉንም ይይዛል።

ለአስተባባሪዋ የላክሁት ቃል የሌለው ነበር። እናቴ ፈትል ስትፈትል የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ አለች፤ ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን ሳታውቅ በስልኩ ቀድቷታል። እንዝርቱ ሲሾር ከሥር ይሰማል። ድምፅ የሚቆጣጠረው ልጅ አሥር ሰከንድ ብቻ እንደሚለቅ ነግሮኝ ነበር። መቀመጫዬ ከኋላ ስለነበር አሥሩ ሰከንድ ሲያልቅ ገና ደረጃው ጋ ነበርሁ። ልጁ አላቋረጠውም፤ ማይክሮፎኑን እስክይዝ ድረስ እናቴ ታንጎራጉር ነበር።