የክብሪት እንጨትና ሁለቱ ስደተኛ ምሁራን

የክብሪት እንጨት ጨዋታ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ መሬት ላይ ይደረድርና «3 ብቻ አንሥተህ ካሬዎቹን 4 አድርግ» ይላል፣ ሌላው ይከበዋል። ብዙዎች የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ይሉታል። ግን በትምህርት ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው፤ ቦታውን የሰጡትም ከአገር የወጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው በ1880 ፕራግ የተወለደው ማክስ ቬርትሃይመር ነው። ስሙ የታወቀው በ1912 ባሳተመው የዓይን ማታለያ ጥናት ነው፦ ሁለት መስመሮች ተራ በተራ ብልጭ ሲሉ ዓይናችን አንድ መስመር ሲንቀሳቀስ ያያል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ግን የለም። እንግዲህ አእምሮ የሚያየው ቁርጥራጩን ሳይሆን ጠቅላላውን ቅርጽ ነው አለ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ፣ አይሁዳዊ ነበርና፣ የፍራንክፈርት ፕሮፌሰርነቱን ትቶ ከጀርመን ወጣ። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ ለተሰደዱ ምሁራን «የስደት ዩኒቨርሲቲ» ተከፍቶ ስለነበር እዚያ አስተማረ።

ቬርትሃይመር በአንድ ወቅት መምህር የፓራለሎግራም ስፋት ሲያስተምር ክፍል ገብቶ ተመለከተ። ልጆቹ ጥያቄውን ሁሉ ጥንቅቅ አድርገው ሠሩ። እሱ ግን ያንኑ ቅርጽ አዙሮ ሲስልላቸው አንዳንዶቹ ይህ ገና አልተማርነውም አሉ! ይህን የጻፈበት መጽሐፍ የታተመው በ1945፣ ከሞተ ከ2 ዓመት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጆርጅ ካቶና በ1901 ቡዳፔስት ተወለደ። ሃንጋሪን ትቶ ጀርመን ተማረ፣ ሠራ፤ በ1933 ደግሞ ከዚያም ተነሥቶ አሜሪካ ገባ። በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ የቬርትሃይመርን ሐሳብ የፈተነው በክብሪት እንጨት ነበር።

የሱን የሚመስል አንድ ጥያቄ እንሥራ። (ክብሪት ማባከን አያስፈልግም፣ እኩል የተቆረጠ የመጥረጊያ ስንጥር ይበቃል።) በ16 እንጨት 5 ካሬ በመስቀል ቅርጽ ሥሩ፦ አንዱ መሐል፣ አራቱ በአራቱ ጎኖቹ። 3 እንጨት ብቻ አንሥታችሁ 4 እኩል ካሬ አድርጉት፣ አንድም እንጨት አይትረፍ። አሁን አስሉ፦ 5 ካሬ 20 ጎን አለው፣ እንጨቱ ግን 16 ነው፤ ስለዚህ 4ቱ እንጨቶች ለሁለት ካሬ ያገለግላሉ። 4 ካሬ ግን 16 ጎን ነው፣ ስለዚህ ምንም እንጨት የጋራ መሆን የለበትም። ይህ ከገባችሁ መንገዱ ይታያል፦ ከግራው ካሬ ዳር ያለውን አንዱን እንጨት ብቻ ትታችሁ ሦስቱን አንሡ፣ በተተወው እንጨት ውጪ በኩል አዲስ ካሬ ሥሩ። የመሐሉ ካሬ ያኔ ይፈርሳል።

ካቶና አንዱን ቡድን የትኛው እንጨት ወዴት እንደሚሄድ አስሸመደደ። ሌላውን ቡድን ምክንያቱን እንዲያይ ጥቂት በጥቂት ረዳው። የሸመደዱት የሸመደዱትን ሠሩ፤ ቅርጹ ሲቀየር ግን ብዙዎቹ ቆሙ። የገባቸው አዲሱንም ሠሩ፣ ከሳምንታት በኋላም አልጠፋባቸውም። ደንቡን በቃል መንገር ብቻውንም ያን ያህል አልጠቀመም፣ ተማሪው ራሱ ማየት ነበረበት። እኔ በበኩሌ ለኛ መምህራን ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ይመስለኛል፤ ሰሌዳ ላይ ደንቡን ጽፈን ስንወጣ አስተማርን እንላለንና።

ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በ1953 ሂልጋርድና ባልደረቦቹ ሌላውን የካቶና ሙከራ፣ በካርታ የሚሠራውን፣ ሲደግሙት በመረዳት የተማሩት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ እንደወሰደባቸው አገኙ። ፈተና ደርሶ ምዕራፉ ላላለቀበት መምህር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጠቀማቸው በኋላ፣ አዲስ ጥያቄ ሲመጣ ነው።

ለተማሪዎች፦ እነዚያኑ 5 ካሬዎች አሁን በደረጃ ቅርጽ ሥሩ፤ አንዱ፣ በቀኙ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው በላይ ሦስተኛው፣ በሦስተኛው ቀኝ አራተኛው፣ ከአራተኛው በላይ አምስተኛው። እንጨቱ 16 ነው። 3 አንሥታችሁ 4 ካሬ አድርጉት። መልሱን ለጓደኛችሁ አታሳዩ፣ የትኞቹ እንጨቶች የጋራ እንደሆኑ ብቻ ጠይቁት።