ከፋይ መጠይቅ

አንድ ኩባንያ ስለ ዕቃው ሸማቾችን ጠይቆ ለወሰደባቸው ጊዜ ገንዘብ ወይም የሞባይል ካርድ ሲሰጥ፣ አሠራሩ በእንግሊዝኛ «ፔይድ ሰርቬይ» ይባላል። ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «የሚከፈልበት መጠይቅ» ይሆናል። ይህ አባባል ነገሩን ይገለብጠዋል። «የሚከፈልበት መንገድ» ስንል የሚከፍለው ባለመኪናው ነው፤ «የሚከፈልበት ትምህርት ቤት» ስንል የልጁ ወላጅ ነው። እንግዲህ «የሚከፈልበት መጠይቅ» የሰማ ሰው ኪሱን ቢዳብስ ምን ይገርማል? «መመዝገቢያ አስገቡና መጠይቅ እየሞላችሁ በየቀኑ ታገኛላችሁ» የሚሉ የቴሌግራም አጭበርባሪዎችም የሚገቡት በዚሁ በር ነው።

ስለዚህ «ከፋይ መጠይቅ» ብንለው ይሻላል እላለሁ። ከፋዩ ጠያቂው ነው። ከመላሹ አንድ ብር የጠየቀ ዕለት በዚህ ስም መጠራቱ ይቀራል።

«ሸማች» የሚለውም ቃል ቆም ብሎ ማየት ይገባዋል። ዛሬ ማንኛውንም ገዢ እንጠራበታለን እንጂ ሸመታ በቀድሞ ትርጉሙ እህል ከገበያ በገንዘብ መግዛት ነው፤ ከጎተራው የሚበላ ሰው ሸማች አይባልም። በወላይታ፣ ዲምቱ አካባቢ፣ ይህ ልዩነት አሁንም ሕያው ነው። ጓሮው እንሰት ያለው፣ በቆሎውን የሰበሰበ ቤተሰብ እህሉ እስኪያልቅ አይሸምትም። መጋቢትና ሚያዝያ ሲመጡ ያው ቤተሰብ ጆንያ ይዞ ገበያ ይወጣል። አዲስ አበባ ተቀምጦ የተጻፈ መጠይቅ «ከገበያ ምን ይገዛሉ?» ብሎ ብቻ ከጠየቀ፣ መልሱ እንደ ወሩ ይለዋወጥበታል፤ ከጓሮ የመጣው ቆጮም ከነጭራሹ አይቆጠርም።

እስቲ አንዲት እናት ዲምቱ ላይ ዘይት ሲገዙ እናስብ። ባለሱቁ ከጀሪካኑ በስኒ እየለካ ይዘውት በመጡት የውኃ ጠርሙስ ይጨምርላቸዋል። የጠየቁት በሊትር ሳይሆን በብር ነው፤ «የሃያ ብር ስጠኝ» ብለው። ታብሌት የያዘ ወጣት ቀረብ ብሎ «እናቴ፣ በወር ስንት ሊትር ዘይት ይጠቀማሉ?» ይላቸዋል። እሳቸውም እንዳያሳፍሩት «አንድ» ይሉታል። ታብሌቱ ላይ አንድ ሊትር ተጻፈ፤ ከዚያ ስኒ ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር የለም። «ዛሬ የስንት ብር ገዙ? ይህ ሲያልቅ መቼ ይመለሳሉ?» ቢላቸው ኖሮ፣ ኩባንያው ለዚህ ገበያ የሚሆነው የአምስት ሊትር ጀሪካን ይሁን ትንሽ እሽግ ያውቅ ነበር። የኩባንያው ጥቅም ይኸው ነው፤ የማይሸጥ ዕቃ በመኪና ጭኖ ከመምጣቱ በፊት ያውቃል።

የእናትየውስ? ፀሐይ ላይ የቆሙበት ሰዓት የሳቸው ነው፤ ኩባንያው በመልሳቸው ሊያተርፍበት ነውና ዋጋ አለው። አጥኚዎች ክፍያውን «ማበረታቻ» ይሉታል። እኔ «የጊዜ ዋጋ» ብለው እወዳለሁ፤ ማበረታቻ የሰጪውን ቸርነት ያጎላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ደግሞ አነስተኛ ገንዘብ በማንም እጅ ሳያልፍ የመላሹ ስልክ ላይ መግባት ይችላል። ስልክ የሌላቸውን ግን ማስቀረት አይገባም፤ ስልክ ያላቸውን ብቻ የጠየቀ ኩባንያ ግማሽ ገበያ አይቶ ሙሉ ያየ ይመስለዋል።

ክፍያ ጣጣም አለው። ሰው ገንዘቡ እንዳይቀርበት የማያውቀውን ሳሙና «አዎ፣ እጠቀማለሁ» ሊል ይችላል። ስለዚህ «አላውቀውም» ብሎ የመለሰም እኩል ሊከፈለው ይገባል፤ ይህም ገና ጥያቄው ሳይጀመር ሊነገረው ይገባል።

ወላይታ ለመጠየቅ እንግዳ አይደለችም። በቦሎሶ በኩል ያለችው ጋራ ጎዶ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲካሄድ በነበረው የኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦች ጥናት ውስጥ ነበረች። በ1994 እ.ኤ.አ. የጥናቱ መንደሮች 15 ደረሱ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም አብረው እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ እየተመላለሱ ጠየቁ። ምን በላችሁ፣ ምን ሸጣችሁ፣ ስንት ከብት አላችሁ፤ ሃያ ዓመት። ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ድህነት በሰፊው ከሚጠቀሰው ውስጥ አንዳንዱ የተገኘው እነዚያ ቤተሰቦች ጓዳቸውን ለጠያቂ ስለከፈቱ ነው።

ጓዳ የከፈተ ሰው ምስጢሩም ሊጠበቅለት ይገባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ አሰባሰብና አያያዝ በሕግ ሥር አስገብቷል። መላሹ ስልክ ቁጥሩን ከመስጠቱ በፊት ማን እንደጠየቀው፣ ለምን እንደሚፈልገው፣ ለሌላ ይተላለፍ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ካልተመለሰለት ይተወው።

«ከፋይ መጠይቅ» እንግዲህ የአማርኛ ስም ነው። ዲምቱ ላይ ጥያቄው በወላይትኛ መቅረብ አለበት፤ የወላይትኛውን ስም ደግሞ ገበያው ውስጥ ቋንቋውን የሚናገሩት ያውጡለት።