ጓሮ በክፉ ቀን

ድርቅ ሲባል አብዛኞቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ስዕል አንድ ነው። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከቆረም ያሳየው ፊልም። ጋዜጠኝነት የተማረ ሰውማ ስንት ጊዜ እንዳየው መቁጠርም አይችል። ከስዕሉ ኋላ ያለው ትረካ ደግሞ የማሳ ትረካ ነው፤ ዝናቡ ቀረ፣ አዝመራው ደረቀ፣ በሬው ተሸጠ፣ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወደ መንገድ ወጣ። ሐሰት የለበትም። ግን በዚያው ዓመት፣ በዚያው አገር፣ ቤቱን ያልዘጋ ብዙ ሕዝብ ነበረ። ያቆየው ነገር የነበረው ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ነው። ዛሬ ላወራ የፈለግሁት ስለሱ ነው፤ ስለ ጓሮ።

ጓሮ በአማርኛችን ትንሽ የተናቀ ቃል ነው። ጎመንና ቃሪያ፣ ጤና አዳምና በሶብላ የሚበቅልበት፣ እንግዳ የማይገባበት ቦታ። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በወላይታ፣ በከምባታና በሀድያ ግን ጓሮው ራሱ ጎተራ ነው። እንሰት የሚቆመው እዚያ ነዋ። የአዲስ አበባ ልጅ ቆጮን የሚያውቀው ከክትፎ ጎን ተቆራርጦ ሲቀርብለት ነው (ክትፎው ካለቀ ቆጮውን የሚያስታውሰው የለም)። ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ኢትዮጵያዊ ግን ምግብ ማለት እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የአገር ውስጥና የውጭ ተመራማሪዎች ተባብረው ባወጡት ጥናት መሠረት ከ40 እስከ 60 የሚሆን እንሰት አምስት ስድስት ነፍስ ያለበትን ቤተሰብ ለአንድ ዓመት ይመግባል። የሚፈልገው ቦታ 400 ካሬ ሜትር አይሞላም። በአዲስ አበባ የመሬት ዋጋ አታስሉት እንጂ፣ ለአንድ ዓመት ቀለብ ይህ ምንም ማለት አይደለም።

ድርቁን እንዴት እንደሚችለው ማወቅ ከባድ አይደለም። እንሰት ግንዱ ውስጥ ውኃ ይይዛል፤ ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ሥሩ ያለውን አፈር ያጠላል፤ ጎመኑና ቡናውም በሱ ጥላ ሥር ይተርፋሉ። ጤፍ በአበባው ሰዓት ዝናብ ከቀረበት የዚያ ዓመት ነገር አለቀ። እንሰት ግን እንዲህ የተቆረጠ የአጨዳ ወር የለውም። ዘንድሮ ባይነቀል ለከርሞ ይቆያል፣ ከርሞም ይወፍራል። ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረው ቆጮ ደግሞ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቀመጣል።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው “ታዲያ ድርቅ አይነካቸውማ!” ሊል ይችላል። ብዙ ጊዜም ተብሏል። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጣፍጠው፤ ወይም የሚመረው።

የእንሰት ጓሮ ደረጃ እንዳለው ቤት ነው። ገና ያልበሰለ እንሰት ይነቀልና እምብርቱ ተቦርቡሮ፣ ከፍግ ጋር አፈር ይለብሳል። ከአንዱ በርካታ ችግኝ ይፈላል፤ አንዳንዴ ከመቶ በላይ። ችግኙ ከቦታ ወደ ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተዛወረ ያድጋል፤ ለመድረስ እንደ ቦታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ደህና ጓሮ ውስጥ የአንድ ዓመቱም፣ የሁለቱም፣ የአምስቱም በአንድ ላይ ቆሟል። በየዓመቱ የላይኛው ደረጃ ይበላል፣ የታችኛው ይወጣል።

በአንድ የድርቅ ዓመት የቆመው ትልቅ እንሰት አይሞትም። የሚሞተው ደረቅ አፈር ውስጥ የተዛወረው ችግኝ ነው። ለዚህ ነው የቤት እጣቢው፣ አመዱ፣ የበረቱ ጠረጋ፣ የደረቀው ቅጠል ሁሉ ወደ ጓሮ የሚሄደው፤ አፈሩ እርጥበቱን እንዲይዝ። ይህን የምትሠራው አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ ናት። ፍቆ ቆጮ ማድረጉም የሷ ነው። ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ የጉራጌን ሕዝብ ገና ከርዕሱ ጀምሮ በእንሰት ባህሉ ነው የጠራው። የባህሉ ጉልበት ግን በብዛት የእናቶች ክንድ ነው፤ በድርቅ ታሪካችን ውስጥ ደግሞ እናቶች ብዙውን ጊዜ የሚታዩት ሕፃን ታቅፈው ተረጂ ሆነው ነው።

ወደ ኋላ ልመለስ። እንሰት “የደቡብ” ብቻ ሆኖ አልኖረም። በ1760ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንሰትን ስሎታል፤ ከጣና በስተደቡብ ባለው በሜጫ አገር ለምግብነት እንደሚውልም ጽፏል። ዛሬ በጎጃምና በጎንደር ጓሮ ያው ተክል “ኮባ” ተብሎ ቆሟል፤ ሥራው ግን ዳቦ መጠቅለል ነው። ዳቦው ይጣፍጣል፣ አልክድም። የሚገርመኝ ግን ተክሉ ሳይጠፋ አበላሉ መጥፋቱ ነው።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የዘለቀው ረሃብ መነሻው ድርቅ ብቻ አልነበረም፤ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ። በሬ የሌለው ገበሬ ማሳው ጦም አደረ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ምሳሌ ለመሆን መሞከራቸው የሚታወቅ ነው። የእንሰት አገር ድሮውንም የዶማ አገር ነው፤ ለማረስ በሬ አይጠብቅም። ነገር ግን ከብት ይፈልጋል፤ ለፍጉ። ፍግ ያጣ ጓሮ ወዲያው አይታወቅበትም፣ እየቀጠነ ይሄዳል። በሬን ዶማ ይተካዋል፤ ፍግን የሚተካ ነገር ግን ደሃ ቤት ውስጥ አልነበረም።

ይህ ነገር በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ወላይታ ላይ ታየ። ደሳለኝ ራህማቶ በ1980ዎቹ ማብቂያ ስለ እንሰት እርሻ ጥንካሬና ተጋላጭነት ያሳተሙት ጥናት ይህን ጉዳይ ለሚከታተል ሰው መነበብ ያለበት ነው። ወላይታ መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ፣ ከብቱ ጥቂት ሆኗል። ዝናብ ሲቀርና የስኳር ድንቹም የበቆሎውም ነገር ሲያልቅ ሁሉም ወደ እንሰቱ ዞረ። የደረሰው ተበላ። ቀጥሎ ያልደረሰው ተነቀለ። ካልደረሰ እንሰት የሚገኘው ምግብ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ፣ ለአንድ ወር ቀለብ ብዙ እግር መንቀል ግድ ነው። ደረጃው ከላይ ወደ ታች ተበልቶ አለቀ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ዝናቡ ቢመጣም፣ የእህል ዘር ያገኘ ገበሬ በወራት ውስጥ ያጭዳል፤ ጓሮው የተራቆተበት ግን አራት አምስት ዓመት ይጠብቃል። በካላንደር ያለቀው ድርቅ ጓሮ ውስጥ ገና ቁጭ ብሏል።

በሽታውም አለ። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 መንስኤውን የለዩት የእንሰት አጠውልግ በሽታ በዋነኛነት ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ቢላዋ ነው። ሣር ሲጠፋ የእንሰት ቅጠል ለከብት ይቆረጣል፤ አንዱን የታመመ የቆረጠ ቢላዋ እሳት ሳያየው ወደ ጤነኛው ከሄደ፣ ከብቱን ያተረፈው ቅጠል ጓሮውን ይጨርሳል።

በ2000 ዓ.ም. በልጉ ሲቀር “አረንጓዴ ረሃብ” የተባለው ነገር ለብዙ ታዛቢ እንቆቅልሽ ነበር። ምድሩ ለምልሞ ሕፃናት በምግብ እጥረት አብጠዋል። ቅጠሉ አረንጓዴ መሆኑ የሦስት ዓመቱና የአምስት ዓመቱ እንሰት መኖሩን አይናገርማ። በዚያ ላይ በብዙ አካባቢ የእንሰቱን ቦታ ጫትና ባሕር ዛፍ ወስደውታል። ገበሬውን አልፈርድበትም፤ ጫት ብር ያመጣል፣ ለልጅ ደብተር ይገዛል። ግን በዚያ ዓመት የእህል ዋጋ ጣሪያ ነክቶ ስለነበር፣ ብር የያዘውም ሰው ገበያ ወጥቶ ግማሽ ከረጢት ይዞ ተመልሷል።

የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር እንሰቱ፣ ቡናውና ዛፉ አብረው ተመዝግበዋል። ደስ ይላል። እኔ ግን አንድ ነገር ለሙያ ባልደረቦቼ ልጠቁም። በልግ ቀረ ተብላችሁ ለዘገባ ወደዚያ የተላካችሁ እንደሆነ፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በፊት አንዲት እናት ጓሮ አስፈቅዳችሁ ግቡ። የዘንድሮው ችግኝ ስንት ጸደቀ፣ የሁለት ዓመቱ ስንት አለ፣ የአምስቱስ? እሳቸው ሳይቆጥሩ ይነግሯችኋል፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅባችሁም።