ፓስታ እና የሂርማታ ገበያ

ጅማ ላይ አዲስ ምግብ የገባው በጣሊያን ወረራ ነው ይባላል። ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ከተማዋን የጋላና ሲዳሞ ግዛት ዋና ከተማ አድርገው ስለነበር አባባሉ መሠረት አለው፤ ፓስታና ማካሮኒ በምግብ ቤቶች የተለመዱት በዚያ ዘመን ነው። እኔ ግን በሩን የከፈተው ገበያው ነው እላለሁ። ከወረራው አስቀድሞ በጅማው ንጉሥ በአባ ጅፋር 2ኛ ዘመን የጅማው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ የሰሜኑን ነጋዴና የአካባቢውን ገበሬ ያገናኝ ነበር። ዛሬ በጅማው የመንደራ ቆጪ ሰፈር ቤቶች እንደ አገር ምግብ የሚቆጠሩት በቆሎና በርበሬም ቢሆኑ መነሻቸው አሜሪካ ነው። እንግዳ ምግብን ማላመድ እዚህ የቆየ ልማድ ነው ማለት ነው።

«ፓስታ እኮ በጉልበት የመጣ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ወራሪው ሲወጣ ምግቡ አብሮት አልወጣም። ምክንያቱን ማዕዱ ላይ እናገኘዋለን። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የየራሳቸውን እርድ ስለሚበሉ ሥጋ ጎረቤቶችን ይለያል። በዘይት በተቁላላ ሽንኩርት፣ በቲማቲምና በበርበሬ የተሠራ የፓስታ ስጎ ግን ሥጋም ቅቤም ስለሌለበት ለጾመኛውም ይሆናል፣ ለሙስሊሙም ጎረቤት ይቀርባል። ቤተሰቡ በምግብ ቤት የቀመሰውን በራሱ ድስት የለወጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ የጅማን የምግብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከጣሊያን ሰነዶች ይልቅ ከእናቶች ጓዳ ቢጀምር ይሻላል።