5.2 በመቶው የማይቆጥራቸው፦ በጅምር ላይ ያለ ግላኮማ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከመንስኤዎቹ የዓይን ሞራ 49.9፣ ትራኮማ 11.5፣ የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ስለ ሞራና ስለ ትራኮማ የተባለው አያከራክርም። የግላኮማውን አኃዝ የበሽታው ስፋት ልክ አድርጎ ማንበብ ግን ከባድ ስሕተት ነው።

ስሕተቱ የሚመነጨው ከመለኪያው ነው። ጥናቱ ዓይነ ስውር የሚለው በተሻለው ዓይኑ ከ3/60 በታች የሚያየውን ነው። በፊደል ገበታ የሚፈተነው የመሀል እይታ ደግሞ በግላኮማ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። ዴንማርካዊው ሐኪም ያኒክ ብየሩም እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳሳየው፣ ጉድለቱ መሀሉን ትቶ እንደ ቀስት ይዞረዋል። ከዓይን ነርቭ ክሮች ሲሶ ያህሉ ሞተው እንኳ የእይታ አድማስ መመርመሪያው ምንም ላያሳይ ይችላል።

ታማሚው ራሱስ ምን ያያል? በትምህርታዊ ሥዕሎች የተለመደው ዙሪያው የጠቆረ ዋሻ ነው። ይህ ሥዕል ጎጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክራብና ባልደረቦቹ ለ50 ታማሚዎች ልዩ ልዩ ምስሎች ሲያሳዩ፣ ጥቁሩን ዋሻ የመረጠ አንድም ሰው አልተገኘም። 54 በመቶው የደበዘዘ፣ 16 በመቶው የጎደለ ቦታ ያለበትን መረጡ፤ 26 በመቶው ግን ጉድለት እንዳለባቸው ጭራሽ አላወቁም። አንጎል ክፍተቱን በአካባቢው መልክ ይሞላዋል፤ አንዱ ዓይንም የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

እርግጥ የክራብ ታማሚዎች የደቡብ ወሎዋ ቦረና ወረዳ ገበሬዎች አይደሉም። የአንጎል አሠራር ግን በአገር አይለይም።

ከቦረናዋ ከተማ ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው የታችኛው የእይታ አድማሱ ሲጎድል በእግሩ ሥር ጨለማ አይታየውም። መንገዱ ሙሉ መስሎ ይታየዋል፤ የጎደለው ድንጋዩ ነው። የታችኛው አድማስ ጉድለት ከመውደቅ ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ሰውየው ግን እንቅፋቱን በእርጅና ያሳብባል፤ ገበታ ፊት ቢቆምም ፊደሎቹን አንብቦ «ደህና ነህ» ተብሎ ይመለሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ትርጉም ከ10 ዲግሪ ያነሰ የእይታ አድማስንም ዓይነ ስውርነት ይለዋል ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ከ10 ዲግሪ በታች የቀረው ሰው ግን በሽታው የጨረሰው ሰው ነው። የጠፋው እይታ ካልተመለሰ ምርመራው ምን ይፈይዳል የሚለውም አያስኬድም፤ እንደ ቲሞሎል ያለ ጠብታ የዓይን ውስጥ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ የቀረውን ለማቆየት ይረዳል።

በአማራ ክልል የዓይን ዘመቻ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ትራኮማ ነው፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የተቀለበሰበትም ሰው ይታከማል። መታከሙም ተገቢ ነው። የዚያን ዕለት ብርሃን ይዞ የዓይን ነርቩን ራስ መመልከት፣ ግፊቱን መለካት፣ እያንዳንዱን ዓይን ለየብቻ መፈተን ግን አብሮ መሠራት አለበት። የመጀመሪያዎቹ ተመርማሪዎችም የታማሚዎች ወንድሞች፣ እኅቶችና ልጆች መሆን ይገባቸዋል፤ በሮተርዳም የተደረገው የቤተሰብ ጥናት የእነርሱን የዕድሜ ልክ ስጋት ከሌላው 9 እጥፍ ገደማ አድርጎታል።